የአባቴ ስም ሚስጥር አይደለም

እኔ ኛኪም ቱት ኩዋኝ ንዴት አያጣኝም። እናቴ «ስትወለጂ ከማልቀስሽ በፊት ተቆጥተሽ ነበር» ትለኛለች። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት የሥራ ቦታዬ በር ላይ፣ ዘበኛው ረፊቅ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «መታወቂያሽን እንድቀበልሽ ታዝዣለሁ» ሲለኝ አንድም ቃል ሳልተነፍስ መቅረቴ ራሴን አስገርሞኛል። ጫኝና አውራጆቹ እንደየጠዋቱ በሩ ጋ ተሰልፈዋል። መታወቂያዬን ከነገመዱ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት። ከሰልፉ መሐል አንዱ «ሐራሚ» አለ፤ በዓረብኛ ሌባ ማለቱ ነው። ጮክ ብሎ አልነበረም፣ ግን ሁሉም ሰማ። ጥቂቶቹም ሳቁ።

የምሠራው በአውሮፕላን ጭነት ወደ ሩቅ የደቡብ ሱዳን ክፍለ ግዛቶች በሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። መጋዘኑ የእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እኔ በኮምፒውተር ካላጸደቅኩ አንዲት ካርቶን ከበር አትወጣም። እና አንድ ቀን ለአንድ የወሊድ ክሊኒክ የሚሄዱ የሶላር ባትሪዎች ወጡ። እናቶች በስልክ መብራት መውለድ እንዲቀርላቸው የተገዙ ናቸው። በእኔ ስም፣ በእኔ የይለፍ ቃል ጸድቀው ነው የወጡት። ክሊኒኩ ግን አልደረሱም።

እኔ አላጸደቅኩም። ይህንኑ ያን ጠዋት ቢሯቸው ገብቼ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ብርሃነመስቀል ነገርኳቸው።

«ባትሪዎቹ ወጡ በተባለበት ሰዓት እኮ ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አልኳቸው። «ስለሚያፈሰው የመጋዘን ጣሪያ ስንጨቃጨቅ።»

«ነበርሽ። ስልክሽም በእጅሽ ነበር። ከጠረጴዛ ሥር አንድ ቦታ መጫን ለማን ያቅታል?»

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ታዲዮስ አጠገባቸው ቆሟል። ታዲዮስ ደግ ሰው ነው፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በሐዘን ድምፅ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው፣ «ኛኪም፣ ፓስወርዱ ያንቺ ነው። ካንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ሲስተሙ አይዋሽም» አለኝ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ኤቨሊን ጉዳዬ አርብ እስኪታይ ድረስ ከግቢው ውጪ እንድቆይ ወሰነች። ኤቨሊን እንደ እኔ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች ናት፤ ምሳ አብረን ነበር የምንበላው። ያን ቀን ግን ዓይኔን ሸሸችው።

የምንኖረው «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው የጁባ ሰፈር ነው፣ እናቴና እኔ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ጠበቀኝ። እናቴ ሰረቅሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ምግብ አቀረበችልኝ፣ ተቀምጣም ስበላ አየችኝ። በማግስቱ ግን የቤተ ክርስቲያን የእናቶች ማኅበር ቀኗ ሆኖ ሳለ ከቤት አልወጣችም። «ጉልበቴን አመመኝ» አለች። እናቴ ከጦርነት ሸሽታ ከናስር ኢትዮጵያ ድረስ በእግሯ የሄደች ሴት ናት፤ ጉልበቷ ምንም አልሆነም። የሴቶቹን ዓይን መቋቋም ነው ያቃታት። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ እኛ ደግሞ ገና መቃብር አልገባንም፣ በስማችን ነው ገበያ የምንወጣው፣ በስማችን ነው ጨው የምንበደረው።

ከሁሉም ከሁሉም እሱ ነው ያንገበገበኝ። ሥራ ይገኛል። የእናቴ ጉልበት ግን ያለ ሕመሙ ታሞ ሊቀር ነው።

አርብ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ከጀበል ኩጁር አንድ ሽማግሌ መጡ። የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ ችግራችንን ሰምተው ሊያጽናኑን ነው። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር አቀረብኩላቸው። ከመቀመጣቸው በፊት በትራቸውን ተደግፈው «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ስምን ብቻ ብሎ ዝም ማለት ነውር ነው። «ኛኪም ነኝ» አልኳቸው። «የቱት ልጅ። ቱት የኩዋኝ ልጅ ነው። የተወለድኩት ኢታንግ፣ ስደተኛ ካምፑ ውስጥ ነው።»

«ኩዋኝ» አሉ ሽማግሌው ፊታቸው እየበራ። «ያ ቀንዱ ጠማማ በሬ የነበረው?»

«እሳቸው ናቸው።»

ሽማግሌው ስለ አያቴ በሬ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ቃላቸው ከጆሮዬ ራቀ። ለማላውቃቸው ሰው፣ ወንበር ላይ እንኳ ሳይቀመጡ፣ ሦስቱንም መልሶች ሰጠኋቸው እኮ።

የትኞቹን ሦስት መልሶች? አዲሱ ሶፍትዌር ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የመጣ ጊዜ ታዲዮስ ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስቦ ነበር። ፓስወርዳችሁን ከረሳችሁ ሲስተሙ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃችኋል፣ ከመለሳችሁ ያስገባችኋል አለን። ጥያቄዎቹን ከዝርዝር እንመርጣለን። የመጀመሪያ መኪናህ ምን ዓይነት ነበር የሚል አለ። ከመካከላችን መኪና የነበረው የለም። የልጅነት የቤት እንስሳህ ስም የሚል አለ። እዚህ ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የእኛ ሰዎች ከብት እንጂ ድመት አይሰይሙም፣ የከብቱንም ስም እየዘፈኑ ነው አገር የሚያዞሩት። የምትወደው ምግብ ቤት የሚልም ነበረ፤ ጁባ ውስጥ ምግብ ቤት ሳትለምደው ነው የሚዘጋው። ታዲዮስ በመጨረሻ ሰለቸውና «ወገኖቼ፣ የማይረሳችሁን ምረጡ። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ። በቃ» አለ። ኢትዮጵያውያኑ ባልደረቦቻችንም እኛም ደስ ብሎን መረጥን። የአያቱን ስም የሚረሳ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ችግሩ ይኸው ነው። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች አገር የአባት ስም ምናልባት በቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ነገር ይሆናል። እኛ ግን አንገታችን ላይ አንጠልጥለነው ነው የምንዞረው። መታወቂያዬ ላይ ኛኪም ቱት ኩዋኝ ይላል፤ እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ። ኢታንግ መወለዴን ለማወቅ ደግሞ ከእኔ ጋር አንዴ ሻይ መጠጣት ይበቃል።

ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቄ ስልኬን አወጣሁ። የሥራ ኢሜይሌን ጻፍኩና «የይለፍ ቃል ረስተዋል?» የሚለውን ነካሁ። ሦስቱ ጥያቄዎች መጡ፤ መለስኳቸው። ማያ ገጹ አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ አለኝ። ከግቢ ሲያስወጡኝ ፓስወርዴን ቀይረው ቆልፈንባታል ብለው አርፈው ነበር። ለካ ቁልፉን ቀይረው መስኮቱን ወለል አድርገው ትተውታል። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም፤ ዘጋሁት። ገብቼ ብገኝ ኖሮ ሌብነቴን በራሴ እጅ መፈረሜ ነበር።

ያኔ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ባትሪዎቹ በወጡ ማግስት ጠዋት ፓስወርዴ አልሠራ ብሎኝ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ኔትወርኩን ረግሜ፣ ሦስቱን ጥያቄ መልሼ፣ አዲስ ፓስወርድ አውጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጁባ ውስጥ አንድ ነገር አልሠራ ሲል ሰው ሌባ ገባ ብሎ አይጠረጥርም፤ መቼ ሠርቶ ያውቃል ብሎ ያልፋል።

ስቄ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት። እናቴ ደንግጣ አየችኝ። «ምን ሆንሽ?»

«ነገ አርብ ነው» አልኳት። «ጉልበትሽን አዘጋጂው።»

በማግስቱ ረፊቅ በእንግዳ ወረቀት አስገባኝ። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አቶ ብርሃነመስቀል ራስጌ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኤቨሊንና ታዲዮስ ግራና ቀኝ። የስንብት ደብዳቤዬ ተጽፎ ማለቁን ከኤቨሊን ፊት አነበብኩ።

«የምትይው ካለሽ እንስማሽ» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

«የማሳያችሁ ነው ያለኝ። ታዲዮስ፣ ፕሮጀክተሩን ክፈትልኝ።»

ታዲዮስ አለቃውን አየ። እሳቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከፈተልኝ።

«አቶ ብርሃነመስቀል፣ በእርስዎ ስም ልግባ? ካልፈቀዱልኝ አልነካውም።»

ፈገግ አሉ። «የእኔን ፓስወርድ ባለቤቴም አታውቀውም። ሞክሪ።»

«ማወቅ አያስፈልገኝም» አልኩና ኢሜይላቸውን ጻፍኩ። ረሳሁ የሚለውን ነካሁ። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ በትልቁ ወጣ፤ የአባት ስም። ፊታቸው የተቀመጠውን የስም ሰሌዳ በጣቴ አሳየሁ። ብርሃነመስቀል ዘርትሁን ይላል። ዘርትሁን ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው የአያት ስም ነው። ከኋላቸው የተሰቀለውን የድርጅቱን ፈቃድ ቀና ብዬ አየሁ፤ ስማቸው እስከ አያት ነው የተጻፈው። አንዳርጌ ብዬ ጻፍኩ። ፈገግታቸው አብሮ ጠፋ።

ሦስተኛው ሲመጣ እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ። «ኤቨሊን፣ አለቃችን የት ነው የተወለዱት?»

«ጎባ» አለች ሳታስብ። ታዲዮስም እኩል «ጎባ» ብሎ ኖሯል። ማን የማያውቅ አለ? ሙቀቱ በጠና ቁጥር «እኛ ጎባ በዚህ ወር ብርድ ልብስ ደርበን ነበር የምንተኛው» ይሉናል፤ ሾፌሮቹ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል።

ጎባ ብዬ ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ «አዲስ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚል ወጣ።

እኔ አልቸኮልኩም፤ እንዲህ ያለ ደቂቃ በሕይወት ዘመን ስንቴ ይገኛል?

«አሁን እዚህ ላይ የፈለግኩትን ብጽፍ አቶ ብርሃነመስቀል እኔ ነኝ» አልኩ። «ደመወዜን እጨምራለሁ። የመጋዘኑን ጣሪያ አስጠግናለሁ። ታዲዮስን አባርራለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሲስተሙ ይህን ሁሉ ያደረጉት እርስዎ ነዎት ብሎ ይመሰክራል። ሲስተሙ አይዋሽም ብላችሁኝ አልነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው የኮምፒውተሩን ክዳን በገዛ እጃቸው ዘጉት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታዲዮስ ግንባሩን በእጁ ይዟል። ወደ ሌላ ሰው ያላክካል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «የመረጥኩላችሁ እኔ ነኝ» አለ። «የማይረሳ ስል የማይደበቅ መሆኑን አላሰብኩም።» ድንገት ቀና አለ። «ቆይ። እስካሁን ያየሁት ማን እንደገባና ምን እንዳጸደቀ ነው። ፓስወርድ ሲቀየር ደግሞ የት ኮምፒውተር ላይ እንደተቀየረ ለብቻው የሚቀመጥ ገጽ አለ። ከፍቼው አላውቅም።»

«ክፈተዋ» አልኩት።

ከፈተው። ባትሪዎቹ የወጡ ዕለት፣ እኔ ከአቶ ብርሃነመስቀል ጋር ስለ ጣሪያው ስጨቃጨቅ በነበረበት ሰዓት፣ የእኔ ፓስወርድ ተቀይሯል። የተቀየረው አየር ማረፊያ ባለው ቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ነው። ወዲያውም ባትሪዎቹ ከዚያው ኮምፒውተር ጸደቁ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ተቀይሯል፤ ይህ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ ነኝ።

«ስልክሽ ነው ብለውኝ ነበር» አልኳቸው ለሥራ አስኪያጁ። «ይሄ ስልክ ነው?»

አየር ማረፊያ ቢሮ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማይክል። ጭነት ይዤ በሄድኩ ቁጥር መታወቂያዬን እያየ እንደ ሠርግ አስተናጋጅ ሙሉ ስሜን ጠርቶ ነበር ሰላም የሚለኝ። እኔም ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ኤቨሊን ያንኑ ሰዓት ከጥበቃ ኃላፊው ጋር ወደ እሱ ሄደች። ማይክል መጀመሪያ ካደ፤ የተቀየረበትን ሰዓትና ኮምፒውተሩን ሲያሳዩት ግን የት እንደደበቃቸው ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ባትሪዎቹ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሱቅ ጓሮ፣ ከነማሸጊያቸው ተገኙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እያደረ እስኪጠራ የምጠብቅበት ትዕግሥት የለኝም፣ ስለዚህ ራሴ አጠራሁት።

ኤቨሊን ስትመለስ መጥታ እጄን ያዘችኝ። «ማሌሽ፣ ኛኪም» አለች። ይቅርታዋ ነው፤ ዓይኗም እንባ አቅርሯል። ለጊዜው እጄን አልነጠቅኳትም።

አቶ ብርሃነመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ እንግዲህ፣ ሰኞ ሥራሽን ጀምሪ። ኤቨሊን ነፃ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ትጽፍልሻለች። ነገሩንም በዚሁ እንዝጋው።»

«አይዘጋም» አልኩ።

«ምን ጎደለ?»

«እኔን ሌባ ያስባላችሁኝ በደብዳቤ አይደለም። በር ላይ ነው፤ ጫኝና አውራጆቹ ተሰልፈው እያዩ፣ መታወቂያዬ ከአንገቴ ወልቆ። አለመስረቄም የሚነገረው እዚያው በር ላይ ነው፤ በዚያው ሰዓት፣ በእርስዎ አፍ። እናቴም ቆማ ትሰማለች።»

«ኛኪም፣ የድርጅቱም ክብር አለ እኮ።»

«የድርጅቱ መታወቂያ አልወለቀም። የወለቀው የእኔ ነው።»

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም እንዲህ የሚናገራቸው ሰው አልለመዱም። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። በመስኮቱ ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛም አገር የተሰደበ የሚካሰው በተሰደበበት ቦታ ነው» አሉ። «እናትሽን ይዘሻት ነይ።» እውነቱን ለመናገር እዚያች ላይ አከበርኳቸው። ታዲዮስም ከመሄዴ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ከሲስተሙ አጠፋቸው። ከእንግዲህ ፓስወርዱን የረሳ ሰው በአካል መጥቶ፣ ፊቱን አሳይቶ ነው የሚቀየርለት። በሌላ ሰው ፊት መመለስ የሚችል የለም።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ላዋ የሚባለውን አዲሱን መጎናጸፊያዋን ትከሻዋ ላይ ቋጥራ ባለ ሦስት ጎማ ራክሻ ላይ ተሳፈረች። ስለ ጉልበቷ አላነሣችም። ደረስን። ሰልፉ እንደየጠዋቱ በሩን ሞልቶታል። ረፊቅ እኔን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። አቶ ብርሃነመስቀል ኮት ለብሰው ወጡ፤ በዚያ ሙቀት። ታዲዮስና ኤቨሊን ከኋላቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ መታወቂያዬን በእጃቸው ይዘውታል።

እናቴ ፊት መጥተው ጎንበስ አሉ። «እማማ፣ ልጅዎ አልሰረቀችም። ያለ ጥፋቷ ነው ያዋረድናት። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅር ይበሉን» አሉ በአማርኛ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። አማርኛዋን የተማረችው በጋምቤላ ገበያ ነው፤ ለስላሳ አይደለም።

«አልሰረቀችም ያልከኝ ለእኔ ነው?» አለቻቸው። «እኔ እኮ አልጠየቅኩህም፣ ልጄ። የወለድኳትን አውቃታለሁ። ለእነዚያ ንገራቸው» ብላ ሰልፉን በአገጯ አመለከተች። «እነሱ ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። በሚሰሙት ንገራቸው። ጮክ ብለህ።»

የሥራ አስኪያጁ ዓረብኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ላባቸውን ጠረጉ። ወደ ሰልፉ ዞሩ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፣ የድርጅቱ ግቢ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ኛኪም ማ ሐራሚ!»

ኛኪም ሌባ አይደለችም። አነጋገራቸው የተሰባበረ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሰልፉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም። እናቴ ግን ገና ነበረች። «ድገመው» አለች። ደገሙት። «አንዴ ደግሞ፤ እዚያ ጥግ ላሉት።» ደገሙት። ከሰልፉ ጥግ አንድ ረጅም ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀጥሎ ያለውም አወለቀ። እኔ በንዴት እንጂ በልቅሶ የማልታማ ሰው፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አቶ ብርሃነመስቀል መታወቂያውን አንገቴ ላይ ሊያጠልቁልኝ ሲሉ እናቴ ከእጃቸው ተቀበለቻቸውና ራሷ አጠለቀችልኝ።

«በይ ግቢ» አለችኝ ገመዱን እያስተካከለች። «ክሊኒኩ ባትሪውን ይጠብቃል።»